መኪናችንን ዝቅ ያደረግንበት ኅዳር

ሰኞ፣ ኅዳር 1። ማታ

ዛሬም ሆስፒታል ደርሰን መጣን። ዛሬም ያው ሸክም። እኔ እኅቱ በብብቱ፣ ጎረቤታችን ገብሬ በጉልበቱ በኩል። ሆ! ብለን ሰይፉን ከባለጎማ ወንበሩ አንሥተን መኪናዋ ውስጥ። ታናሽ ወንድሜ ነው። ከሰሜን ግንባር ከተመለሰ ዓመት አለፈው፤ ከወገቡ በታች አይታዘዝለትም። ክንዱ ግን ብረት ነው።

ስናነሣው ሱሪው ተንሸራተተ። አንድ ጫማው ወለቀ። ቦኖ ውሃ የተሰለፉት ሴቶች አዩ፤ ከንፈራቸውን መጠጡ። እሱ ዓይኑን ጨፈነ። 

ቤት ስንገባ ነገረኝ። የአቶ በዛብህን ሥራ አልጀምርም ብሏል። አቶ በዛብህ ሳሪስ ሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ አለው። ሰይፉ ጦሩ ውስጥ የመገናኛ ሠራተኛ ነበር፤ የተበላሸ ሬዲዮ ሲያይ ፊቱ የሚበራ ሰው ነው። ሰውየው ወንበርና ጠረጴዛ አዘጋጅቶ እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቅሃለሁ ብሎታል። ሱቁ ለኔ መ/ቤት መንገድ ላይ ነው፤ ጧት ላደርሰው ማታ ልመልሰው አስቤ ነበር። እምቢ አለ።

«ጧት ማታ እንደ ጤፍ ጆንያ ስጫንና ስራገፍ ሰው ቆሞ እንዲያየኝ ነው?»

የወለቀ ጫማውን አንሥቼ አልጋው ሥር አስቀመጥኩ። አንተስ ደብተሬ፣ ምን ትለው ነበር?  


ሐሙስ፣ ኅዳር 4። ከቀትር በኋላ

 ዛሬ ያየሁትን ሳልረሳ ልጻፍ።

ወደ ጤና ጣቢያ ልንሄድ ነው። ደጃችን ላይ የጭነት መኪና ቆሟል፤ ለቀበሌው ሱቅ ዘይት ያራግፋል። ቦታ ስላጣሁ መኪናችንን አጥሩ ሥር አቆምኳት፣ ክረምቱ ቦርቡሮት የሄደው ቦይ ውስጥ። የቀኝ ጎማዎቿ ገቡበት፤ ዘንበል አለች። ገብሬ ሥራ ሄዷል። ሰይፉን መኪናዋ በር ጋ ትቼ የሚያግዘኝ ሰው ልፈልግ ዞር አልኩ። ስመለስ ባለጎማው ወንበር ባዶ ነው። ሰይፉ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጧል።

ብቻውን!

እሱም ገርሞታል። ላብ ፊቱ ላይ፣ ሳቅ ከንፈሩ ላይ። ነገሩ ቀላል ነው፤ ዓመት ሙሉ ግን አላየነውም። የመኪናዋ መቀመጫ ከባለጎማው ወንበር አንድ ስንዝር ይበልጣል። ራሱን ወደ ላይ ማንሣት አይችልም። ሳንቃ ደግፈንለት ነበር፤ ወደ ኋላ ያንሸራትተዋል። ቦዩ ውስጥ ስትሆን ግን ሁለቱ እኩል ሆኑ። እኩል ከሆኑለት በክንዱ ተገፍቶ ይሻገራል።

ቦይ በየሄድንበት አይገኝም። ስለዚህ መኪናዋ ትውረድ! ቅዳሜ መካኒክ ዘንድ እሄዳለሁ። ለሰይፉ እስካሁን አልነገርኩትም።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 6። ማታ

ጋሽ ሙሉጌታ ዘንድ ዋልኩ። ጋራዡ እዚሁ ጎፋ ነው። አባታችን በሕይወት ሳለ መኪናዋን ከሱ በቀር ለሌላ ሰው አያስነካም ነበር። ትንሽ ናት፤ ባለሦስት በር፣ ሦስተኛው ከኋላዋ መስኮቷን ይዞ ወደ ላይ የሚከፈት። እዚያ ነው ባለጎማውን ወንበር አጥፌ የምከተው።

ጋሽ ሙሉጌታ ሥሯ ገብቶ ወጣ። ድሮ እንዲህ ቁመተ ረጅም አልነበረችም አለኝ። አባታችን የመንገድ ሥራ ፎርማን ነበር፤ ድንጋይ ላይ ስለምትውል ረጃጅም ሞላ፣ ጎማዋ ላይ የሚሸከማትን ጥምዝምዝ ብረት፣ አስገባባት። እኔ እንዲህ ሆና የተሠራች ይመስለኝ ነበር።

የድሮውን መልስላት አልኩት። ሳቀብኝ። የድሮው ተሽጧል፤ አዲስ ደግሞ ከውጭ አይገባም። ያለን ምርጫ ያሉትን ሞላዎች በመጋዝ ማሳጠር ነው አለ። አንዳንዱ በእሳት አግሎ ያወርዳቸዋል፤ እሱ ግን እሳቱን አያምነውም፤ ብረቱ ጉልበቱን ያጣል።

ለእማዬ ነገርኳት። ምነው ባልነገርኳት! የቀረበላትን ራት ገፋችው።

«አባታችሁ ያስገባውን፣ በመጋዝ?»

ትሪውን አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። መ/ቤት፣ የምሳ ሰዓት

እማዬ ካኮረፈችኝ ሦስተኛ ቀኗ። እንጀራውን ትሰጠኛለች፤ ፊቷን አትሰጠኝም።

ሐሳቤ ሁሉ ሞላ ነው። የስብሰባ ጥሪ ስተይብ «አባላት በሙሉ» በማለት ፈንታ «አባላት በሞላ» ብዬ ጻፍኩ። ኃላፊው አንብቦ ፈረመበት። የድሮ አማርኛ የወደድኩ መስሎት ይሆናል። ብቻዬን ሳቅሁ፤ ከጎኔ ያለችው ጸሐፊ አየችኝ።

ደግሞ ሰይፉ ሰማ። ትናንት ማታ። ተቆጣ። ለኔ ብላችሁ የሰው ትዝታ አትቁረጡ፣ እኔ ቤት መቀመጥ አላቃተኝም አለ። ጥሎኝ ወደ መኝታው። እኔም አልጋዬ ላይ ወድቄ አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ እንኳ አላውቅም።

ጧት ግን ጫማዬን ሳስር ከበሩ ሥር መጣ፣ ወንበሩን እየገፋ። አያናግረኝም ብዬ ነበር።

«ከተቆረጠ በኋላ በዝቶ ቢገኝስ? ማን ይቀጥለዋል?»

ሌሊቱን ሲያስብበት አድሯል ማለት ነው! ተቆጥቶም ያስባል። እውነቱን ነው፤ መጋዝ መመለሻ የለውም። ሌላ ሞላ ይፈለግ፣ የአባታችን ይቀመጥ። የኩፖን ቤንዚን ስለምቆጥብ ብቻዬን ስሆን በአውቶቡስ ነው የምሄደው፤ ዛሬ አመለጠኝ፤ ግድ የለኝም።


ዓርብ፣ ኅዳር 12። ማታ

ሰፈሩ በጭስ ታፍኗል። ኅዳር ሲታጠን ነው፤ ሁሉም በየደጁ ጥራጊውን ያቃጥላል። ዓይኔ እያለቀሰ እጽፋለሁ። ልቤ ግን አላለቀሰም።

ጋሽ ሙሉጌታን ይዤ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። የመኪና ዕቃ እዚያ ከሌለ የትም የለም። ዘይት በዘይት ሆንኩ። አንዱ ጋ ስንጠይቅ ወደ ሌላው፣ ሌላው ደግሞ ወደ ሌላ። በመጨረሻ የጋሽ ሙሉጌታ ወዳጅ ከሆነ ነጋዴ ዘንድ ሁለት ዓይነት አገኘን። ሁለቱም አጫጭር ናቸው፤ ሁለቱም ይገጥማሉ። አንደኛው ቀጭን ነው፤ እንደኛዋ ካለች፣ ከተማ ውስጥ ብቻ ስትነዳ ከኖረች መኪና የተፈታ። ሁለተኛው ወፍራም ነው፤ የዚችው መኪና ዓይነት ዕቃ ማመላለሻ ከሆነችው። ነጋዴው የማትፈልጉትን መልሱልኝ ብሎ ሁለቱንም አስያዘን። ደግ ሰው።

ሰይፉ ከሁለቱም አንዳንዱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ይዳብሳል። እየጫነ፣ እየለቀቀ። ጋሽ ሙሉጌታ አስረዳው፦ ቀጭኑ ለወገብ ይመቻል፣ ጭነት ሲበዛበት ግን ይተኛል። ወፍራሙ አይተኛም፤ ግን ያነጥራል። ወገቡ የተጎዳ ሰው ላይ ደግሞ…

ቀጭኑን መረጥን። እኔም እሱም። እማዬ ከጓዳ ሆና ታዳምጣለች፤ ያልሰማች መስላ።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። አመሻሽ

ከየት ልጀምር።

ከደስታው ልጀምር። ቀትር ላይ ቀጭኑ ገባላት። ከክሪኩ ስትወርድ እንደ ተቀመጠች ድመት ሆነች። ሰይፉ ወንበሩን አስጠጋ። አንድ እጁን መቀመጫው ላይ፣ ሌላውን ወንበሩ ላይ። ተገፋ። ተሻገረ። እግሮቹን አንድ በአንድ በእጁ አንሥቶ አስገባ። በሩን ራሱ ዘጋው። ጋራዡ ውስጥ ያሉ ሁሉ ሥራቸውን ትተው ቆሙ። ማንም ከንፈሩን አልመጠጠም።

እንሞክራት ብለን ወደ ለቡ አቅጣጫ ነዳን፤ እኔ፣ ሰይፉ፣ ከኋላ ጋሽ ሙሉጌታ። አስፋልቱ ላይ እንደ ቅቤ። ሰይፉ መስኮቱን ከፍቶ ክንዱን አወጣ። ኮረኮንቹ ጋ ስንደርስ ግን ቁልቁለቱ ላይ፣ ጓ! ሆዷ ድንጋይ ላይ አረፈ። ማርሚታው፣ የጭሱ ቱቦ ድምፅ ማፈኛ፣ ተገንጥሎ ተንጠለጠለ። ሞተሩ እንደ ታንክ አገሣ።

ያን ድምፅ አልረሳውም። ከድምፁ ይልቅ ደግሞ የሰይፉን ፊት። አመድ መሰለ። የበሩን እጀታ ጨብጦ አንገቱን ቀበረ። ሞተሩን አጠፋሁት። አልሰማኝም። ስሙን ደጋግሜ ጠራሁ። ጋሽ ሙሉጌታ ወርዶ በሱ በኩል መጣና ትከሻውን ይዞ ቆመ፣ እስኪመለስ ድረስ።

ማርሚታውን በሽቦ አስረን፣ በእግር የሚሄድ እስኪቀድመን እየተሳብን ተመለስን። ሳሪስ የሱቁ መግቢያም እንዲህ ያለ ኮረኮንች ነው። አይሆንም።

ይብቃኝ።


ሰኞ፣ ኅዳር 15። ማታ

ጾም ገባ። ሰይፉ ትናንት ከክፍሉ አልወጣም። ዛሬም ብዙ አልወጣም።

ከሥራ ስገባ እማዬ ሽሮ እያማሰለች ነው። ሳልጠይቃት ተናገረች።

«ወፍራሙስ ምን አጠፋ? ለምን አልተሞከረም?»

 አንቺ አይደለሽ እንዴ ያኮረፍሽው አልኳት። ማማሰያዋን አነሣችብኝ። እሷ የጠላችው መጋዙን ነው እንጂ ሞላ መቀየሩን መች ጠላች! ከፍታዋንማ ድሮም አልወደደችውም። ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ቀሚሷን ሰብስባ ስትወጣባት ስንት ዘመን ተማርራለች። አባታችንን አንድ ቀን «መሰላል ጨምረህ ግዛልኝ» ብላው እንደነበር ነገረችኝ። እሱም ስቆ ሁለት እጁን ዘርግቶ ደግፎ አወጣት።

ይህን ስትል ሳቀች። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ሽንኩርት አልነበረም።

ቀጥላ ሽሮውን ይዛ ሰይፉ ክፍል ገባች። ያሉትን አልሰማሁም። ብዙ ቆየች። ስትወጣ ሳህኑ ባዶ ነው።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 20። ማታ

ወፍራሙ ገባ።

ከቀጭኑ ትንሽ ከፍ ትላለች፤ ጣት ያህል። ሰይፉ መጀመሪያ ሲሞክር አዳለጠው፤ ክርኑን በሩ ላይ መታው፣ ተላጠ። ልደግፈው ስሮጥ እጁን አነሣብኝ። ቆዪ ማለቱ ነው። እንደገና አስጠጋ። ጥርሱን ነከሰ። ገባ።

ያው መንገድ፣ ያው ቁልቁለት። እኔ ከሱ ይልቅ ፈራሁ። ድንጋዩን አለፍን። አልነካንም! ግን ወይ መነጠር! እንደ በቅሎ። በያንዳንዱ ጉድጓድ ሰይፉ ከንፈሩን ይነክሳል። አየሁት፤ ዞር ብዬ ያላየሁ መሰልኩ።

ጋራዥ ተመለስን። ጋሽ ሙሉጌታ እኔን ትቶ እሱን ጠየቀው። የምትቀመጥባት አንተ ነህ፣ የቱ ይሁን አለው። ወገብህን ካመመህ ሌላ እንፈልጋለን፣ ጊዜ ስጡኝ አለ።

ሰይፉ ብዙ አላሰበም።

«ወገቤ ቤት ተኝቼም ያመኛል ጋሼ። ሲያመኝ ሥራ ላይ ልሁን።»

ተወሰነ። ወፍራሙ። ቀጭኑን ሰኞ ጋሽ ሙሉጌታ ለነጋዴው ይመልሳል። የአባታችን በጨርቅ ተጠቅልሎ እማዬ አልጋ ሥር ገብቷል። እማዬ ደግሞ የአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ቆርጣ ለመቀመጫው ትራስ እየሰፋች ነው። ክሩን በመርፌው የማስገባላት እኔ ነኝ፤ ዓይኗ አልታዘዝ ብሏታል።


እሑድ፣ ኅዳር 21። ቀትር

ጽዮን ማርያም። እማዬን ሀና ማርያም ወሰድናት። ቤንዚኑ ለዚህ ቢወጣ አይቆጨኝም፤ ኩፖኑ ለሥራ ቀን ይበቃል። እማዬ ቀሚሷን ሳትሰበስብ ገባች። እኔ ይህን አየሁ፣ እሷም ማየቴን አየች።

የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ በሰው ነጭ ሆኗል። ከኋላዋ ወንበሩን አውጥቼ ዘርግቼ በሩ ጋ አስጠጋሁለት፤ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ራቅ ማለት እንዴት ይከብዳል! እጄ የሚያደርገው አጣ። አንድ ጎረምሳ ሊያነሣው ሮጦ መጣ። ሰይፉ አመሰገነው፤ እችላለሁ አለው። ሰው ሁሉ ያያል። እሱ ተሻገረ። ትራሱ መሬት ወደቀ፤ ጎረምሳው አንሥቶ አቀበለው። በቃ።

እማዬ ተሳልማ እስክትወጣ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ወደኛ መጡ። አይዞህ፣ እግዜር ይማርህ ሊሉት ነው ብዬ ጠጋ አልኩ። ጎንበስ ብለው ጎማዋን አዩ። ይህችን ማን ዝቅ አደረጋት፣ ለሚስቴ ጉልበት ፈልጌ ነበር አሉ። ሰይፉ ስለ ሁለቱ ሞላ ማስረዳት ጀመረ። ቀጭኑ እንዲህ፣ ወፍራሙ እንዲህ። እጁ ይናገራል። እማዬ ወጥታ ጥላዋን ተደግፋ ጠበቀችው፤ አላቋረጠችውም።

ሲመለስ ወገቡን እንዳመመው አውቃለሁ። ቤት እንደገባ ተኛ። ሲነሣ ሸሚዙ ይተኮስልኝ አለ።


ሰኞ፣ ኅዳር 22። ጧት

ቸኩያለሁ። ሁለት መሥመር ብቻ።

ሰይፉ ትናንት ማታ ከገብሬ ጋር ለአቶ በዛብህ መልእክት ላከ። እመጣለሁ ብሎ። ዛሬ። ሳልቀሰቅሰው ተነሥቷል። ተላጭቷል። የተተኮሰውን ሸሚዝ ለብሷል። እማዬ ምሳ ቋጠረችለት፣ የጾም። መንገድ ላይ አትገላምጭኝ፣ ወገቤን አትጠይቂኝ አለኝ። ሱቁ ደጃፍ አድርሼው ቶሎ እንድሄድም አስጠንቅቆኛል፤ ቆሜ እንዳላየው። ቃል ገባሁ። ቃሌን ልጠብቅ እሞክራለሁ።

እንደምፈራ አልነግረውም። ቢያዳልጠውስ? ቢያዳልጠው ደግሞ ይሞክራል። ቅዳሜ እንዳደረገው። እኔም ከዛሬ ጀምሮ ሳይጠራኝ እጄን ላልዘረጋ ወስኛለ…

ክላክስ! ደጅ ክላክስ ይጮኻል። እሱ ነው፤ ቀድሞኝ ወጥቶ፣ ገብቶ፣ ከጎን ሆኖ መሪውን ይደበድባል። ጎረቤቱን ሊቀሰቅስ ነው። እማዬ ከበረንዳው እየሳቀች ትጣራለች። መጣሁ፣ ኧረ መጣሁ! ጫማዬን እንኳ ገና አላሰርኩ…