የብሩ ጨርቅና የወንድም ጋሼ እግር

ኅዳር 4

እንደወትሮው ቤተ ሙከራ ውስጥ ጠርሙስ ሳጥብ አረፈድኩ። ከሰዓት በኋላ ጀርም የሚገድለውን የብር ውሃ ሠራሁ... ጥሩ ቢጫ ወጣ። ወንድም ጋሼ "ብር ቢጫ ሲሆን ያየሁት አንቺ ጋ ነው" ይለኛል። ናኖ ነው፣ ደቆ ደቆ ዓይን የማያየው ሲሆን ውሃውን ቢጫ ያደርገዋል ብዬ ብነግረው አላመነኝም።

ሚስማር የወጋው እግሩ አመርቅዟል። ያልሞከሩለት አንቲባዮቲክ የለም፤ ጀርሙ ሁሉንም ለምዷቸዋል። ሐኪሟ ቅልጭ አድርጋ ነገረችን፦ በዚህ ወር ካልተሻለው እግሩ ይቆረጣል። መሰላል ላይ የሚውል ቀለም ቀቢ ያለ እግር ምን ይሆናል?

በብር የተነከረውን ጨርቃችንን ሊሞክሩ ከፈረሙት ታካሚዎች አንዱ እሱ ነው። እኔ አልፈራም። ቤተ ሙከራ ውስጥ ያልገደልነው ጀርም የለም።

ኅዳር 9

ጨርቁ ታሰረለት። "ከዳንኩ ቤትሽን በነጻ እቀባልሻለሁ፤ ቀለሙን ግን እኔ ነኝ የምመርጠው" አለ።

ኅዳር 15

ለውጥ የለም። ሽታው እንዳለ ነው። እናቴ መስኮቱን ከፈተች... ብትቆጣኝ ይሻል ነበር።

ኅዳር 16

ጨርቁ ሲቀየር ቆሜ አየሁ። ነርሷ እንደ ደንቡ ቁስሉን በጨው ውሃ አጠበች፣ አዲሱን ጨርቅ አደረገችበት። ቢጫው ዓይኔ እያየ አመድ መሰለ። ብሩ ጨው ሲነካው ጓጉሏል! የጓጎለ ብር ምን ጀርም ይገድላል?

ይህን ሁሉ ጊዜ በተጣራ ውሃ ስንሞክር... የማን ሥጋ ነው የተጣራ ውሃ? ደሙም እምባውም ጨው አይደል? በራሴ ተናደድኩ። ለአለቃዬ ደውዬ እቅጩን ነገርኩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

"እንግዲያ ብሩን ልብስ እናልብሰዋ" አለኝ።

ኅዳር 20

ጨው እንዳያገኘው ብሩን ሽሪምፕ ከሚባል የባሕር እንስሳ ቅርፊት በሚወጣ ስስ ሽፋን አለበስነው። ጨው ጨመርኩ። ቢጫ። ደገምኩ። ቢጫ። አለቃዬ ማንኪያውን ቀማኝ፦ "ሾርባ መሰለሽ እንዴ?"

ኅዳር 25

ሙከራውን የሚፈቅደው የሆስፒታሉ ኮሚቴ ተሰብስቦ አዲሱን ጨርቅ ፈቀደ፤ ዛሬውኑ ታሰረለት። ሐኪሟ ቀዶ ጥገናውን ለጥቂት ቀናት አራዘመች። "ከዚህ በላይ ግን አልችልም።" አያስፈልግሽም፣ አልኩ በሆዴ።

ታኅሣሥ 3

ከቁስሉ የተወሰደው ናሙና ምንም ጀርም አላበቀለም። ሁለቴ አየሁት። ሽታውም ጠፍቷል። ቀዶ ጥገናው ተሰረዘ። ብዬ ነበር እኮ።

ታኅሣሥ 12

ወንድም ጋሼ ደወለ። "ነገ እወጣለሁ። ጫማዬን ይዘሽልኝ ነይ።"

"እሺ።"

"ሁለቱንም" አለ፣ ሳልጠይቀው።

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ የግራውንም የቀኙንም ጠረግኩለት።