ምስማሩ ሳይመታ

ኡሜዎ፣ ማርች 9 ቀን 1998

ውድ ልጄ ቱቫ፣

እንዴት ከርመሻል? እዚህ በረዶው ገና የመስኮቱን ግማሽ ሸፍኖታል። እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፣ ግን አይደለሁም። ፈርቻለሁ።

የፊታችን አርብ ሳምንት፣ በሃያ፣ የዶክትሬት ጽሑፍሽን እንደ ወጉ ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ግድግዳ ላይ በምስማር ትመቺዋለሽ። አንዴ ከተመታ ያየው ሁሉ ያነበዋል፣ አንዲት ቃል አይለወጥም። ስለዚህ ከዚያ በፊት እወቂው፦ የአራት ዓመት ሥራሽ የቆመበት የእኔ ልኬት ስህተት ነው።

ባለፈው ሐሙስ አዲሱን መሣሪያ ልሞክር ብዬ ያንኑ የድሮ ሥራዬን ደገምኩት። ታውቂዋለሽ፣ ፕሮቲኑን ለዓይን በማይታይ ብርሃን እንመታዋለን፣ እሱም መልሶ ያበራል፤ አርኤንኤ ጠብ ባደረግንበት ቁጥር ከደበዘዘ ሁለቱ ተያይዘዋል እንላለን። አዲሱ መሣሪያ በየልኬቱ መሃል የመብራቱን መዝጊያ ራሱ ይዘጋል። አርኤንኤውን ጨመርኩ፣ ደግሜ ጨመርኩ። ብርሃኑ ንቅንቅ አላለም።

ማይብሪት አጠገቤ ነበረች፤ ያቺ በልጅነትሽ የላብራቶሪ ጓንት እየነፋች ፊኛ የምትሠራልሽ ባልደረባዬ።

«ሲክስተን፣ በአሮጌው መሣሪያ መዝጊያውን ትዘጋው ነበር?» አለችኝ።

«ማን ይዘጋል! ቀኑን ሙሉ ስከፍት ስዘጋ ልዋል?»

«እንግዲያው አርኤንኤውን ተወውና ባዶውን የጨው ውሃ ጨምር። መዝጊያውንም ክፍት አድርገው።»

አደረግሁት። ደበዘዘ። በመጽሔት ያወጣሁት የግራፍ መስመር ቁልጭ ብሎ ወጣ። ለካ ፕሮቲኑን ያደበዘዘው አርኤንኤው ሳይሆን መብራቱ ራሱ ኖሯል፤ እያቃጠለው።

«የዛሬ ሰባት ዓመት ነግሬህ ነበር እኮ» አለች ማይብሪት። «ባዶውን እንለካ ስልህ፣ ‹አንቺ ደግሞ ጥርጣሬ ቀለብሽ ነው› ብለህ ሳቅክብኝ።»

እውነቷን ነው። ሳቅሁባት። ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ ከነከነኝ፣ ከንክኖኝም ዝም አልኩ። ከሦስት ዓመት በኋላ «አባዬ፣ ባንተ ፕሮቲን ላይ ልሥራ» ስትይኝ ደግሞ በደስታ አቀፍኩሽ። ይቅር በይኝ።

ስሜ ይጠፋል ብዬ እፈራለሁ፣ አልዋሽሽም። የባሰው ግን ጽሑፍሽን በሕዝብ ፊት ስትከላከዪ ፈታኝሽ ተነስቶ «ባዶው የት አለ?» ሲልሽ ይታየኛል። አንቺም ከሰው መሃል እኔን በዓይንሽ ስትፈልጊ።

ሦስተኛውና አራተኛው ምዕራፍሽ ይወድቃሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይቆማሉ ብዬ አምናለሁ፣ ግን በእኔ እምነት አትሂጂ፤ ራስሽ ለኪ። ሁለቱንም መስመሮች ከደብዳቤው ጋር አድርጌልሻለሁ። ስህተቴን አምኜ ለመጽሔቱ የጻፍኩት ደብዳቤ ማይብሪት እጅ ነው። ይህንንም ፖስታ ቤት የምታደርሰው እሷ ናት፤ እግሯ ላይ ወድቄ ብለምናት እንኳ እንዳትመልስልኝ ነግሬያታለሁ።

ብርታቱን ይስጥሽ፣ የእኔ ጥፋት ካንቺ ትከሻ ይውረድ። ብትፈልጊ ተቆጪኝ፣ ብቻ ዝም አትበዪኝ።

ለምን አልደወለም ትዪ ይሆናል። ሦስት ጊዜ ቁጥርሽን ጀምሬ ዘግቻለሁ። ድምፅሽን ከሰማሁ «ተይው ልጄ፣ ማንም አያውቅም» እንዳልልሽ ፈርቼ ነው።

አሁንም የሚወድሽ አባትሽ፣
ሲክስተን