በእርግዝና ጊዜ ብቻ ያረፉ እጆች፦ የወይዘሮ የሻረግ አድማሱ የሕይወት ታሪክ

ሰው በማሕፀን ሳይሣል የሚያውቀው፣ መግቢያችንንና መውጫችንን በጊዜው የሚያኖር እግዚአብሔር የእኅታችንን ዘመን ከእኛ አስቀድሞ ያውቀዋል። እኛ የምናነበው እርሱ ከሚያውቀው ጥቂቱን ነው።

ወይዘሮ የሻረግ ከአባታቸው ከቄስ አድማሱ ወርቄ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ታይቱ መኰንን በጭልጋ በ1943 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደልና ዳዊት ከአባታቸው ተምረው ዘመናዊ ትምህርታቸውን በጎንደር ቀጠሉ። በእንስሳት ጤና ረዳትነት ሠልጥነውም በ1967 ዓ.ም. ሸሕዲ ተመደቡ። በ1969 ዓ.ም. አካባቢው በጦርነት ሲታወክ ጎንደር ቆይተው፣ ነገሩ ሲረጋ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። የሥራ ባልደረቦቻቸው ከቆላው ሙቀት ለመሸሽ ዝውውር ሲጠይቁ እርሳቸው ጠይቀው አያውቁም። ጥጃ በማሕፀን ተጋድሞ ላሟ በምጥ ስትጨነቅ፣ ከመተማ እስከ አብርሃ ጅራ የሚፈለጉት እርሳቸው ነበሩ። እጃቸው ቀጭንና ብርቱ ስለ ነበረ አስገብተው ያቃኑት ነበር።

በ1970 ዓ.ም. በአብደራፊ የመንግሥት እርሻ የትራክተር ኦፕሬተር ከነበሩት ከአቶ ቸሩ ፈንቴ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። በ1972 ዓ.ም. የጣቶቻቸው መገጣጠሚያ ያብጥ፣ ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ ይል ጀመር። ጎንደር ያየቻቸው ሐኪም ሰውነት ራሱን እንደ ጠላት ቆጥሮ የሚወጋበት በሽታ ነው አለቻቸው። የመጀመሪያ ልጃቸውን ባየሽን ሲፀንሱ ግን ሕመሙ ተዋቸው። የተጠመቁት ጸበል እንደ ፈወሳቸው አምነው ስለት አስገቡ፤ ከወለዱ በኋላ ሕመሙ ተመለሰ። በሁለተኛው ልጃቸው በማሩም እንዲሁ ሆነ። ጎረቤቶቻቸው እንግዲያውስ በየዓመቱ አርግዢ እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። በ1979 ዓ.ም. መነንን ሲወልዱ ግን ብዙ ደም ፈስሷቸው ከሞት አፋፍ ተመለሱ፤ ሐኪሟም ዳግመኛ እንዳይፀንሱ አስጠነቀቀቻቸው።

በ1981 ዓ.ም. ሥልጠና ሊሰጡ የመጡ የእንስሳት ሐኪም፣ የበግ ፅንስ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያወጣው ፕሮቲን በባሕር ማዶ እንደ ተገኘ አስረዱ። እናቲቱ ፅንሱን እንድታኖር የሚያደርግ፣ የሰውነትንም መከላከያ የሚያለዝብ ሆኖ በመታየቱ፣ እንደ ወይዘሮ የሻረግ ላለው በሽታ ይረዳ እንደሆነ ሊመረመር የታሰበ ነበር። ገና መድኃኒት አለመሆኑን ግን ደጋግመው ተናገሩ።

አቶ ቸሩ ከባለቤታቸው ይህን ሲሰሙ የመጨረሻውን ቃል ዘለሉት። ከበግ ነጋዴው ከኢሳ ያረገዘች በግ ገዙ፤ አርደው የማሕፀኗን ውሃ ሊያጠጧቸው ነበር። ያረገዘች ማረድ በክርስቲያኑም በእስላሙም ዘንድ ነውር ነውና ሐሳባቸውን ለማንም አልገለጹም። ወይዘሮ የሻረግ ከሥራ ሲገቡ በጓን ታስራ፣ ቢላዋውንም ተስሎ አገኙት። ነገሩን ጠይቀው ከተረዱ በኋላ የበጓን ሆድ ዳሰሱና ሳቁ። ፅንሱ ፕሮቲኑን የሚያወጣው ሆድ ሳይታወቅ ነው፤ ይህች ግን ልትወልድ ደርሳለች። ያዋሰውን ገመድ ሊወስድ የመጣው ኢሳም፣

«እታለም፣ እኔ እናትና ልጅ እንደ ሸጥሁ አውቃለሁ። ወላሂ፣ ሆዷ የተለቀውን ምረጥልኝ ያለኝ እሱ ነው» አለ።

አቶ ቸሩ አልሳቁም። ባለቤታቸው ከሕመሙ ለማረፍ አራተኛ ሊፀንሱ እንደሚያስቡ ያውቁ ነበር፤ ቢላዋውን እንዲስሉ ያደረጋቸው ይህ ፍርሃት ነው።

«አንቺን ቀብሬ ሦስት ልጅ ይዤ የት እገባለሁ?» አሉ።

ወይዘሮ የሻረግ በእርግጥ አስበውት ነበር። ለጥቂት ወራት እንኳ ጣቶቻቸው ተዘርግተው እንደ ቀድሞው ጥጃ ማቃናት እጅግ ያስመኛቸው ነበር። የበጓን ገመድ ፈትተው ለኢሳ ሰጡት።

«ልጅ የሚፀነሰው ለልጅነቱ ነው። ለእጄ መድኃኒት ብዬ አልፀንስም፤ በቃኝ። ቢላዋህን አስገባ፣ ቸሩ» አሉ።

እንዳሉትም አደረጉ። ጣቶቻቸው እየጎበጡ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ላም ስታምጥ ከአጠገቧ ቆመው ለባልደረባቸው ለሐሚዳ እየነገሩ፣ በእርሷ እጅ ብዙ ጥጃ አወለዱ። ሲያማርሩ የሰማቸው የለም ማለት ግን እውነት አይሆንም፤ በክረምት ሌሊቶች ያለቅሱ ነበር።

በ1983 ዓ.ም. መግቢያ ሳንባቸው ታመመ። ጎንደር ተኝተው ሳሉ እኒያ የእንስሳት ሐኪም ሊጠይቋቸው መጡ። ወይዘሮ የሻረግም «ያ የበጉ ነገር መድኃኒት ሆነ?» ብለው ጠየቋቸው። ሐኪሙ ገና መሆኑን ሲነግሯቸው፣ «እንግዲህ ለሚመጡት ይድረስላቸው» አሉ። ሥጋ ወደሙ ተቀብለው መጋቢት 12 ቀን በአርባ ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና እናታቸውን ትተዋል።

ነፍሳቸውን ድካም በማያውቀው ዕረፍቱ ይቀበልልን። ይህን ለምታነቡና ለምትሰሙ ሁሉ፣ በቤታችሁ የታመመው እንዲነሣ፣ የፀነሰችው በሰላም እንድትገላገል፣ ሕፃኑ እንዲያድግ፣ ሽማግሌውም እንዲጦር ቸርነቱን ያድርግላችሁ። አሜን።