ከፍለሽ የማትጨርሺው ዕዳ

ይድረስ ለልጄ ለሲሲ። ኪዳነ ምሕረት በሄድሽበት ሁሉ ከፊትሽ ትቅደምልሽ። ደባርቅ ሁላችንም ደህና ነን። ገብሱ ታጭዷል፤ አባትሽም ዓይኑ ከታከመ ወዲህ ሰው ከሩቅ ይለያል።

ልጄ፣ ያ እንቅልፍ ነሳኝ ያልሽው የክሬዲት ካርድ ዕዳ ግራ አጋብቶኛል። በየወሩ እየከፈልሽ ዕዳው እንዴት አይጎድልም? ጎረቤታችንን መምህር ባዘዘውን ጠየቅኋቸው።

«የምትከፍለው የካርዱ ባንክ በየወሩ የሚጠይቃትን ትንሿን ክፍያ ብቻ ከሆነ አብዛኛውን ወለዱ ይወስደዋል፤ ዋናው እንዲቀንስ ጨምራ መክፈል አለባት» አሉኝ።

ታዲያ ለምን ትንሽ ይጠይቃሉ? አሁንም አልገባኝም። ለአባትሽ ሕክምና የላክሽውስ ከዚያ ካርድ ነበር? በስልክ ልጠይቅሽ ፈርቼ በደብዳቤ ጠየቅሁሽ።

ሰሞኑን የላክሽልንን ገንዘብ ይዤ ባንክ ሄጄ «ለልጄ መልሱልኝ» አልኋቸው። ገንዘብ ከፋይዋ ግራ ገብቷት አየችኝና «እማማ፣ እኛ ከውጭ የመጣውን እንከፍላለን እንጂ ወደዚያ አንልክም» አለችኝ። እንዲህም አለ እንዴ?

ስለዚህ ገንዘቡን አስቀምጬዋለሁ፤ ለወራት ይበቃናል። አደራሽን፣ ዕዳሽን እስክትጨርሺ ለእኛ አትላኪ። የእኛን ድርሻ እዚያ ላይ ጨምረሽ ክፈይበት። አባትሽም ተስማምቷል። እግዚአብሔር ሸክምሽን ያቅልልሽ፣ እንቅልፍሽን ይመልስልሽ።

እናትሽ ውዱ