እንዳይርቅ ብለው፦ የወይዘሮ ተናኘወርቅ መዝገቡ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ተናኘወርቅ መዝገቡ ከአባታቸው ከአቶ መዝገቡ አስረስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወርቅዬ ገብሬ፣ ዛሬ ብስራተ ገብርኤል በሚባለው ሰፈር ኅዳር 12 ቀን 1944 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚያው አቅራቢያ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አሥረኛ ክፍል ተማሩ። በ1961 ዓ.ም. የክር ፋብሪካ ሠራተኛ የነበሩት አባታቸው በድንገት ሲያርፉ ወንድማቸው ቸኮል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ይህን ታሪክ የምትጽፈው ታናሽ እህታቸው ኤሌኒ ደግሞ ገና ጡት አልጣለችም። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ትምህርታቸውን አቋርጠው ታይፕ ተማሩ፤ በዓመቱም በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተቀጠሩ። ታናናሾቻቸው እንዳይቋረጥባቸው የራሳቸውን አቋረጡ ማለት ነው።

በሥራቸው ቀልድ አያውቁም ነበር። በእጅ የተጻፈ ወረቀት ሰው አያከብረውም ብለው ስለሚያምኑ የእድሩን መጥሪያ ሳይቀር በነፃ ታይፕ ያደርጉ ነበር። ለሚጽፉት ሁሉ ካርቦን ግልባጭ ያስቀራሉ፤ አንዳንዶቻችን በዚህ እንስቅባቸው ነበር። በ1968 ዓ.ም. የለቡ ተወላጅ ከሆኑት ከከባድ መኪና ሾፌሩ ከአቶ ሞልቱ በንቲ ጋር ጋብቻ መሥርተው ገዲሴና ደረጄ የተባሉ ሁለት ልጆች አፍርተዋል።

ቸኮል በ1971 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቱን ጨርሶ የትምህርት ክፍል ምርጫ ቅጽ ተሰጠው። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቅጠል እየለቀመ በደብተሩ መሐል የሚያደርቅ ስለነበር በእርሳስ ባዮሎጂን አስቀድሞ፣ ጂኦሎጂን ሦስተኛ አድርጎ ጻፈና ታይፕ እንዲያደርጉለት ለእህቱ ሰጣቸው። እሳቸው ግን ነገን አሰቡ። ባዮሎጂ የተማረ አስተማሪ ይሆናል፤ አስተማሪ ደግሞ ዕጣ እያወጣ ጠረፍ ይላካል። የጎረቤታቸው የወይዘሮ ዙሌካ ልጅ አብደላ እንዲሁ ዕጣ አውጥቶ ጋምቤላ ሄዶ በወባ መማቀቁን መላው ሰፈር ሰምቷል። የማዕድን ፍለጋው መሥሪያ ቤት ግን ከእሳቸው ቢሮ ፊት ለፊት ነበር። ጂኦሎጂስቶቹ አዲስ ቦቲ ጫማ ተጫምተው ውሎ አበል ሊቀበሉ ሲሰለፉ በየጊዜው በመስኮት ያዩአቸዋል። ከዚያ በኋላ የት እንደሚሄዱ አላዩም።

ስለዚህ ታይፕ ሲያደርጉ ጂኦሎጂን አንደኛ አደረጉት። ቸኮል አይቶ አኮረፈ። «ደመወዙ የትም ብትገባ ያው አምስት መቶ ብር ነው፤ ይኼኛው ግን ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ነው፤ ከዓይኔ አትርቅም» አሉት። ትምህርታቸውን ትተው ያስተማሩት እህቱ ናቸውና ፈረመ። ግልባጩም እንደ ልማዳቸው መሳቢያ ገባ።

ቸኮል በ1974 ዓ.ም. በማዕረግ ተመርቆ ፊት ለፊት ባለው መሥሪያ ቤት ተመደበ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የተቀመጠው ግን በዓመት ሁለት ወር አይሞላም። ጥር 1979 ዓ.ም. ኦጋዴን ውስጥ ለመስክ ሥራ የተሳፈረባት መኪና ፈንጂ ላይ ወጥታ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሕይወቱ አለፈ። ወይዘሮ ተናኘወርቅ በለቅሶው ላይ «እንዳይርቅ ብዬ አራቅሁት» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣቸውም። በአርባው ማግስት ከመሞቱ በፊት የላከው ደብዳቤ ደረሰ። ሳይከፍቱት ከግልባጩ ጋር አኖሩት።

በዚያው ዓመት ሐምሌ የምርጫው ተራ የኤሌኒ ሆነ። ቅጹን ፊታቸው አስቀምጣ «እትዬ፣ የቱን ላስቀድም?» አለቻቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ፤ እስኪመሽም ገብርኤል ዋሉ። ኤሌኒ ብቻዋን ስታትስቲክስ ብላ በእጇ ሞላች። ለወንድሟ የተጨነቁትን ለእኔ ነፈጉኝ ብላ ቂም ያዘች፤ ከዓመት በላይም ከሰላምታ ያለፈ ነገር አላወራቻቸውም። ይህን መጻፍ ያሳፍራታል፤ ግን እውነት ነው። የሰፈር እናቶችም ስለ ልጆቻቸው ምክር ሲጠይቋቸው «እኔን አትጠይቁኝ፤ እኔ የማውቀው ታይፕ ብቻ ነው» ይሉ ነበር።

ወይዘሮ ተናኘወርቅ በኩላሊት ሕመም በአገር ውስጥ ሲታከሙ ቆይተው ሕመሙ ሲጸናባቸው፣ መጋቢት 6 ቀን 1982 ዓ.ም. ደብዳቤውን አስመጥተው ኤሌኒን እንድታነብላቸው አዘዙ። ቸኮል እንዲህ ይላል፦ «እትዬ፣ ኤሌኒ ዘንድሮ ምርጫ ትሞላለች። ጂኦሎጂ ትግባ። ያኔ አኩርፌብሽ ነበር፤ አሁን ግን ድንጋዩን ከቅጠሉ በላይ ወድጄዋለሁ። አልተሳሳትሽም። የእሷንም ቅጽ አንቺው ታይፕ አድርጊላት።»

ኤሌኒ ቀና ስትል እፎይ የሚሉ መስሏት ነበር። እሳቸው ግን እጇን አጥብቀው ያዙና «ያኔ ከፍቼው ቢሆን አንቺንም ወደዚያው እልክሽ ነበር» አሉ። ነጠላ አጣፍተው የወጡበትን ቀን ኤሌኒ ያን ጊዜ ተረዳችው። ይቅርታ ጠየቀቻቸው፤ ሰምተዋት እንደሆነ አታውቅም።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 9 ቀን፣ በተወለዱ በ38 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እህታቸውን ትተው ሄደዋል። ከጋምቤላ በሰላም የተመለሰው መምህር አብደላ ዛሬ ከአስከሬናቸው ተሸካሚዎች አንዱ ነው።

ይህ ታሪክ በእጅ ጽሑፍ እንዳይቀር ኤሌኒ በእሳቸው ታይፕ ጽፋዋለች፤ ግልባጩም በመሳቢያቸው ተቀምጧል። ስሕተት ቢገኝበት የኤሌኒ እንጂ የእሳቸው አይደለም። ቸርነቱ የማያልቅበት አምላክ ነፍሳቸውን ይማርልን፤ ወንድማቸው ከዓይናቸው በማይርቅበት ስፍራም ያሳርፋቸው። አሜን።