ባቡሩ ሳይመጣ በቱላ ስለተከፈተው መሬት

ለተከበሩ የፈጣን ባቡር ዕቅድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ሙሉ ጤናና ሰላማዊ እንቅልፍ እመኛለሁ። አስካለ ወልደሰንበት እባላለሁ፤ ከፍርድ ቤት ጸሐፊነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሐዋሳ፣ ቱላ ውስጥ አንዲት ክፍል እያከራየሁ እኖራለሁ። በአደባባይ የምጽፍልዎ ውለታዎ ቢሮዎ ድረስ መጥቶ በማመስገን ብቻ የሚመለስ ስላልሆነ ነው፤ ደግሞም መጥቼ ነበር፣ ስብሰባ ላይ ነዎት ተብዬ ተመለስሁ።

አንደኛ፣ ሳያትን ስለላኩልን አመሰግናለሁ። የባቡሩን መስመር የአካባቢ ተጽዕኖ እንድታጠና የመደቧት ይህች ወጣት ባለሙያ የእኔን ክፍል ተከራይታ፣ ከጠዋት እስከ ማታ በጭቃው ውስጥ ስትመላለስ ሰነበተች። በእኛ ሰፈር ክረምት ሲጠነክር መሬት እንደሚሰነጠቅ ሁላችንም እናውቃለን፤ አጥር እናዞራለን፣ አፈር እንሞላለን፣ እንረሳዋለን። እሷ ግን በጎረቤቴ በአቶ ኩማ የእንሰት ማሳ ጀርባ ያለው ስንጥቅ ባቡሩ ሊያልፍበት በታሰበው መስመር በኩል ወደ ቤታቸው እየረዘመ መሆኑን ባየች ዕለት እራት አልበላም ብላ ተኛች።

ሁለተኛ፣ ስለጠሩን የምክክር ስብሰባ አመሰግናለሁ። ውሃና ብስኩት ታደለን፤ ባቡሩ አዲስ አበባ ቁርስ የበላን ሰው ለምሳ ሐዋሳ ሲያደርስ በፊልም አየን። አበዳሪዎቹ ጥናቱን ብቻ እየጠበቁ እንደሆነ ምክትልዎ ነገሩን። ያኔ ሳያት ተነሥታ፣ «መስመሩ ካልተቀየረ እኔ አልፈርምም» አለች። ምክትልዎ ፈገግ ብለው አመሰገኗት። በማግስቱ የጽሕፈት ቤትዎ መኪና ከነሻንጣዋ ሊወስዳት መጣ። ስትሰናበተኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እትዬ አስካለ፣ አቶ ኩማ እዚያ ቤት እንዳያድሩ ይንገሩልኝ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኳ አይሠራም። በእሷ ቦታ የተተኩት ባለሙያ ጭቃው ስላስቸገራቸው ከመኪናቸው ሳይወርዱ ጥናቱን ጨርሰው፣ መሬቱ ለልማት ምቹ ነው ብለው ጻፉ። ብስኩቱን ስንቀበል የፈረምነውም ስምምነት ሆኖ ተቆጠረልን።

አቶ ኩማን ነግሬያቸው ነበር። ሊወጡም ተነሥተው ነበር። ሆኖም ሠራተኞችዎ፣ ግምት ሳይሠራ ቤቱን ለቅቆ የወጣ ካሣ እንደማያገኝ በትሕትና አስረዷቸው። ስለዚህ ባለቤታቸውን ታቢታንና ልጆቹን እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ወደሚኖሩ ዘመዶቻቸው ልከው፣ እርሳቸው ቤት ሊጠብቁ ቀሩ። ቢያንስ እኔ ቤት እንዲያድሩ ለመንኋቸው። ገማቾቹ ድንገት ቢመጡና ቤቱን ባዶ ቢያገኙትስ ብለው እምቢ አሉኝ። ገማቾችዎን እስከ መጨረሻው ሲጠብቁ ነበር፤ እንዲህ ያለ ታዛዥ ዜጋ ስላፈሩ እንኳን ደስ ያለዎት።

ያን ሳምንት ዝናቡ አላባራም። አንድ ቀን ንጋት ላይ በሬን ስከፍት በአጥሩ ማዶ ያየሁት የቤታቸውን ግማሽ ነው። ግማሹ የለም። ጩኸት አልሰማሁም፤ ማንም አልሰማም። የሰፈሩ ወንዶች ወገባቸውን በገመድ እየታሰሩ ወደ ስንጥቁ ወረዱ፤ በማግስቱ ከጭቃው አወጧቸው። ታቢታ ከጫፉ ቆማ ነበር፤ ሴቶቹ ሊይዟት ቢሞክሩ ገፋቻቸው። በቀብሩ ዕለት የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን መዝሙሩን ጀምረው መጨረስ አቃታቸው። ከጽሕፈት ቤትዎ የተላከው የአበባ ጉንጉን ከሁሉም ትልቁ እንደነበር ሳልጠቅስ ማለፍ ነውር ይሆንብኛል።

ሦስተኛውን ምስጋና ለጊዜው ልያዘው፤ ስንጥቁ አሁን የእኔን አጥር አልፏል። ጠዋት ጠዋት የጓዳዬ በር አይገጥምም። ከምስጋናዬ ጋር የማቀርበው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ሳያት የት ናት? መልሱን ለእኔ ባይሆን፣ ከአርባ ምንጭ ለሚደውሉልኝ እናቷ ይላኩላቸው።

የጽሕፈት ቤትዎን ፍጥነት እያደነቅሁ፣ መሬቱ እስከፈቀደልኝ ድረስ አክባሪዎ የምሆን፣

አስካለ ወልደሰንበት
ከቱላ

ማሳሰቢያ፦ ለመሠረት ድንጋዩ በዓል ድንኳን የሚተክሉ ሠራተኞችዎ ትናንት መጥተው ነበር። ካስማውን ሲመቱት ከሥር ባዶ ድምፅ ይሰማ ስለነበር ቦታ እንዲቀይሩ ነገርኋቸው። የክብር እንግዶች መቀመጫ አስቀድሞ ስለተወሰነ አይቻልም አሉኝ። የፊተኛው ረድፍ መካከሉ የእርስዎ ነው።