የጫማህ አቧራ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

ማዕበሉም ሥራውም እንደምን ይዞሃል? እኛ ደህና ነን፤ የእማዬ ጉልበት ተሽሏት ደረጃውን እንደ ልጅ ትወጣዋለች።

የመርከባችሁን የጭነት ክፍል ወለል የነደፍኩት እኔ መሆኔን ለመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ አውርቼ አሰልችቻቸዋለሁ። ስንዴ ይጫንበት ተብሎ የተሠራ ነው፤ ብረቱን ያሳሳሁት፣ ከሥሩ ያሉትን ድጋፎች ያራራቅሁት ለዚያ ነው። ስንዴውን ዕድሜ ልኩን ይሸከማል፤ አንገቴን እሰጣለሁ። ለብረት ማዕድን፣ ለዚያ ለቀዩ ከባድ አፈር፣ ሌላ ንድፍ አለን።

ፎቶህ ደረሰን። እማዬ «ወፈረልኝ» ብላ ተደሰተች። እኔ ያየሁት ጫማህን ነው፤ ቀይ አቧራ ለብሷል። ወደብ ላይ ረግጠኸው ይሆናል።

እማዬ ትስምሃለች። መልስ ስትጽፍ ግን ሰላምታውን ለመጨረሻ አቆየውና መጀመሪያ ምን እንደጫናችሁ ንገረኝ።

የናፈቅካት እህትህ